ባሌ ግራንድ ካንየን ላይ አልቅሶ ቀበረኝ

እኔ ዘነበች፣ ይኸው ፊታችሁ ቁጭ ብዬ የማወራው ሴትዮ፣ በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምህረት ሰኔ ወር ላይ አሜሪካ አገር ተለቅሶልኛል። ያለቀሰልኝ ባሌ ግዛቸው ነው። ሞቼ አይደለም፤ ሞታለች ብሎ ጠርጥሮ ነው። እሱ ሲጠረጥር ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ትንሽ ጠርጥሮ አይተውም። ደረቱን ደቅቶ፣ አልቅሶ፣ ቀብሮ ነው የሚወጣለት።

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ከሰሜን ሸዋ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ ሐዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቆ ጡረታ ወጣ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ብሎን አልጎደለችበትም። እንዴት ብላ ትጉደል? ሰው አያምን! ሻይ ሲመጣለት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ሳያይ አይጠጣም። ባጃጅ ከመሳፈሩ በፊት የሹፌሩን ፊት ያጠናል። ፒያሳ ሸሚዝ ሊገዛ ከገባ ባለ ሱቁ ራሱን ያመዋል። ቀበሌ ለስብሰባ ከጠሩት «ምን ፈልገው ነው?» ይላል፤ ካልጠሩት ደግሞ «ለምን ተዉኝ?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። በዚያ ላይ አንድ ለአምስት የሚሉት ነገር መጥቶ ጎረቤት በአምስት በአምስት ሲደራጅ፣ ደህና አደርክ ያለው ሰው ሁሉ ሪፖርት ሊጽፍበት የተላከ መሰለው።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚያምነው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሳይቀር ቤት ሲገባ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ። እኔ ያልኩት ነገር ለእሱ ማኅተም ያረፈበት ነው። ላታልለው የቻልኩትም ለዚሁ ነው፤ ይህንን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የመጣው ከአንገቴ ነው። እንቅርት ነበረብኝ። ለዓመታት ሎሚ የምታህል ስለነበረች ማንንም አላስጨነቀችም። በኋላ ግን ብርቱካን አከለች፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረች። እህል አልዋጥ አለኝ። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ሰማንያ ልጅ በአንድ ቃል ጸጥ የማሰኝ ሰው፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዳገት እንደወጣ ሰው ማለክለክ ሆነ ሥራዬ። ዶክተር ኩማ የሚባል ሐኪም አየኝና «መምህርት፣ ይህ ነገር የአየር ቧንቧዎን እየተጫነ ነው። ቶሎ ካልወጣ አንድ ቀን ያንቅዎታል» አለኝ።

ግዛቸው አብሮኝ ነበር። «እስከ ዛሬ ስንት እንቅርት አወጡ?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ቁጥሩን ነገረው። «ከነዚያ ውስጥስ ስንት ሰው ሞተ?» አለና ለኦፕራሲዮን ፈርም ተብሎ የተሰጠውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ እጄን ይዞ ወጣ። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ምክንያት የለውም አልልም። ታላቅ ወንድሙ ከበደ ትርፍ አንጀቱን ሊያስወጣ ሆስፒታል ገብቶ በዚያው ቀርቷል። ይህ አንሶ ዘመዶቹ ሞቱን ስምንት ቀን ሙሉ ከግዛቸው ደበቁ። «ከበደ ተሽሎታል» እያሉ፣ ሥጋ እያበሉ፣ መኪና ላይ ጭነው ከዘመድ ዘመድ እያዞሩት ቆይተው፣ አንድ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ መርዶውን ነገሩት። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ይጠግባል፣ ከዚያ በሰው ይከበባል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ሌላው ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። ግዛቸው ግን ያንን ስምንት ቀን ይቅር ሳይል ቀረ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አንቺን ለቢላዋ አልሰጥም» አለኝ። ሁለት ዓመት ለመንኩት። አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ፣ የንስሐ አባታችንን አስለመንኩ። ወይ ፍንክች!

ልጃችን ሳያት ባሏን ብሩክን ይዛ ዴንቨር በሚባል የአሜሪካ ከተማ ትኖራለች። አንድ ቀን በስልክ እያወራን አተነፋፈሴን ሰማች።

«እማዬ፣ አባዬን ወደ እኔ ላኪው። እሱ እዚህ እያለ አንቺ ትታከሚያለሽ» አለችኝ።

«አምስት ሳምንት ቤትሽ ከተቀመጠ እኮ ቀን በቀን ይደውላል። ድምፄን ሰምቶ ያውቅብናል» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ስልክ የማይሠራበት ቦታ አዞረዋለሁ» አለች። ፓርክ ማለቷ ነው። እዚያ አገር ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው ሳምንት ሙሉ ቢነዱ የማያልቅ ጫካና ገደል አለ አሉ፤ ስልኩም እዚያ ውስጥ ደንቁሮ ይውላል። ሌላው ሰው ለሽርሽር የሚሄድበትን አገር እኛ ባሌን መደበቂያ አደረግነው።

«እኔ ፈተና ላይ ነኝ፤ አንተ ቅደም» አልኩት። ቪዛውን ወዲያው ሰጡት። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘላል፤ እሱ ግን «ለምን ቶሎ ሰጡኝ?» እያለ ሦስት ቀን ተብሰለሰለ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ሊገባ ሲል አቅፎኝ፣ «አደራ ዘነቡ፣ እኔ ሳልኖር ሐኪም ቤት ደጅ እንዳትደርሺ» አለኝ።

«ምን ልሠራ!» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አመነኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሳያት አፍና ከራሱ ደብተር ነው። ግምጃ ቤት የኖረ ሰው ያየውን ሳይመዘግብ አያድርም።

መጀመሪያ ያጣላቸው መኪናው ነው። የሳያት መኪና አሮጌ ስለሆነ ለጉዞው ተከራዩ። አከራዩ ድርጅት ጋ ሲደርሱ ግዛቸው «ሹፌሩስ?» አለ። ሹፌር የለም፣ ራሳችን እንነዳለን አሉት። «ዋስ ማንን ጠራችሁ?» ዋስም የለም። «ሰዎቹ ያውቋችኋል?» አያውቁንም። በቃ! ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «ቀን ፩። ያለ ሹፌር፣ ያለ ዋስ፣ ለማያውቀው ሰው አዲስ መኪና የሚሰጥ ድርጅት ጤነኛ ሊሆን አይችልም። ታርጋውም የሌላ ክልል ነው።» ሠራተኛው ቁልፉን ሰጥቶ ሊሄድ ሲል ያዘው። ርክክብ ሳይደረግ የት አባቱ ይሄዳል! መኪናውን ሁለቴ ዞረው። ጭረት አንድ፣ በግራ በኩል፣ የኋላ በር ላይ። ስኮርታ አንድ። ክሪክ አንድ። ምንጣፍ አራት። ጽፎ ሲጨርስ ከታች «አስረካቢ» ብሎ አሰመረና ሳያትን «ፈርም በይው» አላት። ልጄ በኀፍረት መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ፈረንጁ እየሳቀ ፈረመ። መሳቁንም ጻፈው።

ብሩክ እዚሁ ሐዋሳ ያደገ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ መኪና ሳያስነሳ ይጸልያል። እሱ መሪው ላይ አጎንብሶ ሲጸልይ ግዛቸው ከኋላ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ይጠብቀዋል። «በየጠዋቱ የሚጸልየው መኪናው ምን ቢሆን ነው?» ይላል ደብተሩ።

የሎስቶን የሚባለው ፓርክ ሲደርሱ ሰው ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ አንድ ባዶ ሜዳ ያያል። «ምን ትጠብቃላችሁ?» ቢል፣ ፍል ውሃው ሊወጣ ሰዓቱ ደርሷል አሉት። «ውሃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት የሚያከብረው?» አለ። እውነትም በተባለው ሰዓት ገደማ ውሃው እየጨሰ ሽቅብ ተወነጨፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የእኔ ጉድ ደግሞ ከወንበሮቹ ጀርባ ዞሮ ሞተሩን ይፈልጋል! «የወንዶ ገነት ፍል ውሃ እንኳ እንዲህ አይታዘዝም» ብሏል። ሌላ ቦታ እጁን ሊነክር ሲል ባርኔጣ ያደረገ ጠባቂ ክልክል ነው አለው። ፍል ውሃ ካልታጠቡበት ለምን ይጠቅማል? «ለባለሥልጣን ያስቀመጡት ነው» ብሎ ጻፈ። ጠባቂው ፈገግ ብሎ «ከየት አገር ነህ?» ሲለው ደግሞ «ከኬንያ» አለው። ሳያት ይህን ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ነገር የተበላሸው በዚያው ሳምንት ነው። ኦፕራሲዮኑ እነሱ የሎስቶን እያሉ እንዲያልቅ ነበር ያሰብነው። እኔ ተዘጋጅቼ ብሄድ የደም ግፊትሽ ጨምሯል አሉና በሳምንት አራዘሙት። እንዴት አይጨምር! ባሏን ዋሽታ የተቀመጠች ሴት ግፊት ከየት ይረጋጋል? ለሳያት ነገርኳት። እሷ ደግሞ ለአባቷ «አባዬ፣ ሌላ ሁለት ፓርክ እንጨምር» አለችው። ፕሮግራሙን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይዞታል እኮ! «የተወሰነ ፕሮግራም ለምን ይቀየራል?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮውን አቁሞ መጠበቅ ጀመረ።

በሳምንቱ ገባሁ። አጠገቤ የነበረችው ታናሽ እህቴ ብዙነሽ ብቻ ናት። እንቅርቱ በደህና ወጣ፤ ዶክተር ኩማ አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀኝ ግን የድምፄ ነርቭ ተነካክቶ ኖሮ፣ ስነቃ አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። ብዙነሽ ደነገጠችና ለሳያት ደውላ «ወጥታለች፣ ነቅታለች፣ ግን መናገር አልቻለችም» አለቻት። ልጄ ይህንን የሰማችው ዛየን የሚባል ፓርክ አጠገብ፣ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ቆማ ነው። አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ፣ የማለዳ ብርድ ስለነበር ያገኘችውን ሹራብ ደርባ ወደ መኪናው ተመለሰች። ሹራቡ ጥቁር ነበር።

ብሩክ ደግሞ አማቱ እንዳይጨነቁ ብሎ ምሳ ላይ ትልቅ ሥጋ አዘዘ። «አባባ ይብሉ እንጂ፤ በሞቴ ትንሽ ይጨምሩ» ይላል። መኪና ሲያስነሳ ጸሎቱን ዝቅ አድርጎ «ጌታ ሆይ፣ እናታችንን በእጅህ ያዛት» አለ። ግዛቸው ሰማው።

የዚያን ቀን የጻፈውን ቃል በቃል ላንብብላችሁ። «ቀን ፲፯። ልጅቷ አልቅሳለች። ጥቁር ለብሳለች። ልጁ ሥጋ ያበላኛል፣ ለእናታችን ይጸልያል። ፕሮግራም ተራዝሟል። ስልክ አይሠራም ይሉኛል፣ እነሱ ግን ተደብቀው ያወራሉ። መኪና ላይ ጭነው ያዞሩኛል።» ከዚህ በታች ባለው መስመር እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል። «ዘነበች ሞታለች» ይላል።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ከዚያ ደብተሩን ከደንኩት። የገዛ ስሜን ከዚያ ቃል አጠገብ ተጽፎ ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ደግሞስ ምኑን ተሳሳተ? የደበቁት ነገር አለ፤ ስለ እኔ ነው፤ ሁሉንም አግኝቶታል። የሳተው መጨረሻውን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ መጠርጠሩን አልነገራቸውም፤ መርዶውን የት እንደሚነግሩት ብቻ ይጠብቃል። መኪና በርከት ብሎ የቆመበት ቦታ በደረሱ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስል ነበር አለች ሳያት። እሷ ደግሞ ደክሞት መስሏት፣ ደስ ይበለው ብላ ግራንድ ካንየን የደረሱ ዕለት ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችው። «አባዬ፣ ተነስ፣ የምናሳይህ ነገር አለ።»

አስቡት እንግዲህ! ማለዳ ነው። አንድ የማያልቅ ገደል አፋፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ብርድ ስለሆነ ሁሉም ብርድ ልብስ ተከናንቧል። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ስለሚጠብቅ ማንም አይናገርም። አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ ግዛቸው ሲመጣ አየችና በኀዘኔታ ፈገግ ብላ ከአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችለት። አለቀ። ኮቱን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረው።

«ዘነበችዬ! እኔ ልቅደም ስልሽ! ቤቴን ለማን ትተሽ! ደግሞ እኔ ሳልኖር!» እያለ ደረቱን ይደቃ ጀመር። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ፈረንጆቹ ፀሐይዋን ትተው እሱን ያያሉ። ሴትዮዋ ምኑንም ሳታውቅ አብራው አለቀሰች አሉ፤ ነፍሷን ይማረው፣ ማለቴ ዕድሜ ይስጣት።

«አባዬ! እማዬ አለች! አልሞተችም!» እያለች ሳያት ተጠመጠመችበት።

«ከበደም አልሞተም ብላችሁኝ ነበር!» አላት።

«ኦፕራሲዮን ሆና ነው! እንቅርቷ ወጥቶላት ነው!»

ልጄ ኦፕራሲዮን የሚለውን ቃል ባታወጣው ይሻል ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ሆነው ደግፈው ወደ ሆቴሉ ስልክ ወሰዱት።

በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ብዙነሽ ቤት፣ አንገቴ በፋሻ ታስሮ ተቀምጫለሁ። ትንሽ ትንሽ ድምፅ ማውጣት ከጀመርኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት።

«ሃሎ» አልኩ። የወጣው ግን የእኔ ድምፅ አይደለም፤ ትንፋሽ የበዛበት ሻካራ ነገር ነው።

«ማን ልበል?» አለ።

«እኔ ነኝ ግዛቸው።»

«እኔ ማን?»

«ዘነበች ነኛ!»

ረጋ ብሎ «ብዙነሽ፣ እህትሽን ቀብረሽ በስሟ ታወሪያለሽ? እግዜር ይይልሽ» አለኝ።

ጉዴ ፈላ! በሕይወት መኖሬን ለገዛ ባሌ ማስረዳት አቃተኝ። ብዙነሽ ስልኩን ነጥቃ በማርያም ማለችለት። «አንዴ ቀጠን አንዴ ወፈር እያደረግሽ ትቀልጂብኛለሽ?» አላት። መልሼ ተቀበልኳት።

«የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?» አለኝ።

«ከማርያም ሥዕል ጀርባ።»

«ይህን ብዙነሽም ታውቃለች።»

ከዚያ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ «የዘጠኝ ቀኗ ልጅ ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

ከሳያት በፊት ሴት ልጅ ወልደን ነበር። ዘጠኝ ቀን ኖራ ሞተች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና አልተነሳችም፤ ስለዚህ ስም የላትም። ያለ ስም ነው የተቀበረችው። የቀበርናት ዕለት እሱና እኔ በር ዘግተን ስም አወጣንላት፤ ስንሞት ይዘነው እንድንሄድ እንጂ ለማንም ላንናገር ተስማማን። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለራሳችን እንኳ ጠርተነው አናውቅም። ብዙነሽ አታውቅም። ሳያት እህት እንደነበራት የሰማችው በዚያች ደቂቃ፣ አባቷ አጠገብ ቆማ ነው።

ዶክተሩ እንዳትናገሪ ብሎኛል። ጉሮሮዬ ይቃጠላል። ያለኝን ትንፋሽ ሰብስቤ «ፍቅርተማርያም» አልኩት።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «አንዴ ደግሞ» አለኝ፤ አሁን እያለቀሰ ነው። ሦስቴ ጠራኋት። ከዚያ ስልኩን ለሳያት ሰጥቶ ወጣ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መጣ። ቤት ገብቶ ሻንጣውን ሳይፈታ ፊቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠባሳውን በጣቱ ነካው።

«አመመሽ?»

«አመመኝ።»

«አጠገብሽ መሆን የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ብነግርህ ትፈቅድልኝ ነበር?»

ብዙ አሰበ። ዋሽቶ አዎ ቢለኝ እንዴት በቀለለኝ! «አልፈቅድም ነበር» አለ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ድምፄ ግማሹ ተመልሷል፤ ትንፋሼ ደህና ነው፣ ተኝቼ አድራለሁ። ከሳያት ጋር ታርቋል። ዶክተር ኩማን መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆሞ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል። በእኔም ላይ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ግን ስልክ ሲደወልልኝ ራዲዮኑን ይቀንሳል። ከትምህርት ቤት ዘግይቼ ስገባ «ስብሰባ ነበር» ስለው፣ ባለ ሱቁን የሚያይበት ዓይን እኔም ላይ ያርፋል። «እውነቴን ነው» እለዋለሁ። «እሺ» ይላል። ያ እሺ የድሮው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ይከፋኛል፤ በጣም ይከፋኛል። አንዳንዴ ልብስ እያጠፍኩ ዕንባዬ ይመጣል። እንደገና ቢሆን ግን እንደገና እዋሸዋለሁ፤ እሱም ይህንን ያውቃል።